ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ

ሰኔ 3

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። አሮጌው ገና ግማሹ ባዶ ነው፤ ግን ካቆምኩበት ገጽ ላይ መቀጠል አልቻልኩም።

ዛሬ አለቃችን ቢሯቸው ጠሩኝ። «የወንዙ ሰርቨር ይህን ክረምት አይሻገርም» አሉ። ማሽኑ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ማራገቢያው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስላል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደ እሱ የሚፈለግ ማሽን የለም። ወንዙ ውስጥ የተተከሉ አምስት መለኪያዎች የውኃውን ከፍታ በየአሥር ደቂቃው ይልኩለታል። ውኃው ቀዩን መስመር ሲያልፍ ታች ባሉት ሰፈሮች ደወል ያስጮኻል፣ በየነዋሪው ስልክም መልእክት ይልካል።

«ወደ አዲሱ ትልቁ ማሽን ይዛወር» አሉ። «ቨርቹዋል አድርጊው። እስከ ሰኔ መጨረሻ።»

«ጊዜው አያጥርም?»

«ዝናቡ መቼ እኔን አማከረኝ?»

ስወጣ የኔትወርክ ባለሙያችን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ ሁሉም ሽቦ ነው የሚለው። ለጸሐፊዋ ነገሩን ያስረዳታል፤ «ሃይፐርቫይዘር ማለት አከራይ ነው በይው። ትልቁን ማሽን ክፍል ክፍል አድርጎ ያከራያል። ተከራዩ የወንዙ ሰርቨር ግን ግቢው በሙሉ የራሱ ይመስለዋል።» ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ሰኔ 6

ከርነሉን እንደ አዲስ ልገነባ ነው። ከርነል የሥርዓቱ አስኳል ነው፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ከብረቱ ጋር የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው። ያለው አስኳል በአሮጌው ማሽን ልክ የተሰፋ ስለሆነ ለተከራይነት አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው መመለስ አለብኝ። ከሦስት ሺህ በላይ ናቸው። መልሳቸው ግን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ አዎ፣ የለም፣ ወይም ሞጁል። ሞጁል ማለት ዳር ተቀምጦ ሲፈለግ የሚጠራ ነው።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ማሽኖቹ በአንድ ድምፅ ያንጎራጉራሉ፤ እኔ አዎ፣ የለም፣ የለም፣ አዎ እያልኩ ቁልቁል እወርዳለሁ። የድምፅ ካርድ አለው? የለም። የካሴት ማንበቢያ አለው? የለም። ጥቂት ቆይቶ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚመልስ ይጠፋብኛል። ቀና ስል ጉሙ ተነስቷል፤ ሻዬ በረዶ ሆኗል፤ ግማሽ ቀን የት እንደገባ አላውቅም።

ሰዎችም እንዲህ አዎ ወይስ የለም ብለው ብቻ ቢጠይቁኝ።

ሰኔ 9

አዲሱ አስኳል አልነሳም አለ። «ሥር ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ቀጥ። ዲስኩ አለ። አየሁት እኮ። አለ።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ሁለቴ ደውላለች። አላነሳሁም።

ሰኔ 10

የኔ ነገር! የቨርቹዋል ዲስኩን ድራይቨር ሞጁል ብዬው ኖሯል። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ዲስኩን የሚከፍተው ደግሞ ሞጁሉ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ገጭ አድርጎ እንደ መውጣት። መልሱን «አዎ» አልኩትና ተነሳ። ነጫጭ መስመሮች ጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደ ወፍ መንጋ ብር ብለው አለፉ። ሽቦ ከኋላዬ ቆሞ «ምነው ዝም አልሽ፤ እልል በይ እንጂ!» አለኝ።

ሰኔ 12፣ እሁድ

እትዬ ከድልድዩ በታች፣ ከወንዙ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ በእማዬ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ዛሬ ልሄድ ነበር። ጠዋት ለባብሼ ጫማዬን ለማሰር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ በሩ ስትሄድ አየሁ። ከዚያ ደወልኩላት።

«የዛሬውም ቀረ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እትዬ።»

«ሥራ እግር የለው፤ ጥለሽው ብትመጪ የት ይሄድብሻል?»

ከኋላዋ የወንዙ ድምፅ ይሰማል።

«እሺ» አለች። «ብርድ ነው፣ ደርበሽ ልበሺ።»

እሁድ ሥራ እንደማልገባ ታውቃለች።

ሰኔ 16

የቀረኝ ሰዓቱ ነው። አሮጌው ማሽን ጀርባው ላይ የተሰካ ትንሽ የሰዓት ሳጥን ነበረው፤ ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኘው ከእሱ ነበር። ተከራይ ጀርባ የለውም፤ ምን ላይ ይሰካል? ሰዓቱን ከአከራዩ ጠይቆ እንዲያውቅ የሚያደርግ አንድ ጥያቄ አለ። «አዎ» አልኩት። ሲነሳ መሃል መንገድ ላይ ደርቆ ቀረ። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ደረቀ። «የለም» ስለው ሰተት ብሎ ተነሳ።

ለጊዜው የለም ብዬዋለሁ። ለጊዜው። እመለስበታለሁ።

ሰኔ 18

ሕልም። የማሽኑ ክፍል ውኃ ሞልቶት፣ መብራቶቹ ከውኃው ሥር አረንጓዴ ሆነው ብልጭ ይላሉ። እማዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ የኪቦርዱን ፊደሎች እንደ ምስር ትለቅማለች። «ይቺ ጠጠር ናት» ትለኛለች አንዷን አንስታ። የትኛዋ ፊደል እንደሆነች ሳላይ ነቃሁ።

ሰኔ 21

እማዬ ካረፈች ዛሬ ዓመት ሆነ።

የማስረከቢያ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለች፦ «የሰዓት ፍተሻ፤ ማሽኑ በሥራ ተጨናንቆ ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ የታየ።» ፈረምኩ።

ከቀትር በፊት ወጣሁ። ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነው። የት እንደሄድኩ አልጽፍም።

ሰኔ 24

አዲሱ ማሽን ሥራ ጀመረ፣ አሮጌው ተዘጋ። አለቃችን ጨበጡኝ። «ቀኑ ሳይደርስ!» አሉ። ሁሉም ከወጡ በኋላ እጄን አሮጌው ማሽን ላይ አሳረፍኩ። ገና ለብ ያለ ነበር።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያኔም ቀኑ ሳይደርስ ነው የጨረስኩት። እማዬ ታማ ሳለ እትዬ በደወለች ቁጥር «ነገ እመጣለሁ» እላት ነበር።

ሐምሌ 4

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። የተከራዩ ሰዓት አርባ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። በእጄ አስተካከልኩት። ትንሽ ነገር ናት።

ሐምሌ 9

ደረጃው ላይ ስወርድ የአለቃችንንና የሽቦን ድምፅ ከታች ሰማሁ።

«ልጅቷ አልከሳችም?» አሉ እሳቸው።

«እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ናት።»

«ሥራዋ ግን አይታማም።»

«እሱማ አይታማም።»

ተመልሼ ወደ ላይ ወጣሁ። በሌላኛው ደረጃ ዞሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐምሌ 15

ሁለት ደቂቃ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ዝናቡ ሲበረታ የደመና ፎቶ የሚያነበው ሌላው ተከራይ ሥራ ይበዛበታል። አከራዩ እሱን ሲያስተናግድ የእኔን ያስተኛዋል። ሲቀሰቅሰው መተኛቱን አያውቅም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። እንቅልፉ ሁሉ ተጠራቅሞ ነው ሁለት ደቂቃ የሆነው።

ጠዋት ጠዋት አስተካክለዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ሳልፈትሽ መፈረሜን ሳልናገር እንዴት እነግራለሁ? ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ቀን አጥፍቼው እሠራዋለሁ።

ሐምሌ 24፣ እሁድ

ትኩሳት አለኝ። አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እትዬ ደወለች።

«ውኃው ድምፁን ለወጠብኝ» አለች። «ድንጋይ ማንከባለል ጀምሯል። ወደ አክስታችን ቤት ብወጣ ይሻላል?»

«ማሽኑ አረንጓዴ ነው፣ እትዬ። ውኃው ቢነሳ ቀድሞ በስልክሽ ይነግርሻል። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አትስጊ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤቱ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ሐምሌ 26

ትኩሳት። ሁለተኛ ቀን ሥራ አልገባሁም። ሰዓቱን ያስተካከለው የለም።

ሐምሌ 28

የትናንቱን ልጻፍ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። የድልድዩ ዘበኛ ናቸው፤ የድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቀባ መለኪያ አለ፣ እሳቸው በዓይናቸው ያነቡታል።

«ልጄ፣ ደወላችሁን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«ውኃው ቀዩን ቀለም ከዋጠው ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ነው። ታች ያለው ሰው ቁርሱን ይበላል!»

ስክሪኑን አየሁ። አረንጓዴ። የውኃ ከፍታ ሁለት ሜትር ከአሥር፤ የትናንት ማታው ቁጥር። መዝገቡን ከፈትኩት። መስመር በመስመር ያው ቃል ነው፦ «ከወደፊት የመጣ፤ ተጥሏል። ከወደፊት የመጣ፤ ተጥሏል።»

የተከራዩ ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ ከራሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ የቀደመ ልኬት ሲመጣለት መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ሌሊቱን ሙሉ መለኪያዎቹ እውነቱን ሲልኩለት እሱ ሲጥል አድሯል።

ሰዓቱን ወደ ፊት ገፋሁት፤ ፕሮግራሙ የዘጠኝ ደቂቃ ዝላይ ሲያይ ደንግጦ ራሱን ዘጋ። እንደገና ሲነሳ መዝገቡን በሙሉ ያነባል፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ሽቦን ጮኼ ጠራሁት። የነዋሪዎቹን የስልክ ዝርዝር ለሁለት ቀደድኩና ግማሹን ሰጠሁት።

ወረቀቱን አየና «መጀመሪያ ለእህትሽ ደውዪ» አለኝ።

ደወልኩ። አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። ሽቦ ያየኛል። ቀጣዩን ቁጥር ደወልኩ። «ከወንዙ መሥሪያ ቤት ነው፣ ውኃው እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ውጡ።» ቀጣዩን። «ልጆቹን ያዙ፣ ዕቃ አታንሱ።» አንዷ ሴትዮ «መልእክት አልደረሰኝም እኮ» አለችኝ። «አይደርስም፣ እማማ። እኔን ይስሙኝ» አልኳት። አርባ ሰባት ቁጥር ደወልኩ። ከየአንዳንዱ በኋላ የእሷን እሞክራለሁ። አይነሳም።

በመጨረሻ ደወሉ ጮኸ፤ ከተማው በሙሉ ሰማው። አለቃችን ዝናብ እንዳረሰረሳቸው ገቡ።

«ለምንድነው የዘገየው?»

«ሰዓቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።»

«ተፈትሾ የለም እንዴ? ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ» አልኩ። «ግን አልፈተሽኩም።»

አዩኝ። ካፖርታቸው ጠብ ጠብ ይላል።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አለሁ» አለች እትዬ። «ትሰሚኛለሽ? ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ነኝ። ስልኬን ውኃው ወሰደው። ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት ደረጃው ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰብሯል። ሌላው ሰው ደኅና ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ያን ቀን ስደውልልሽ እኮ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። አትስጊ ስትይኝ ፈታሁት።»

ሐምሌ 30

እትዬ እኔ ጋ ናት። አልጋዬ ላይ ትተኛለች፣ እኔ መሬት። አሮጊቷን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው በደኅናው እጃቸው ብርቱካን ሰጡኝ። ከበሩ ውጪ ቆሜ ያዝኩት፤ መላጥ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3

አገኘሁት። ከሰዓቱ ጥያቄ ከፍ ብሎ፣ በማን አከራይ ሥር እንደምትኖር ንገረኝ የሚል ዝርዝር አለ። ሃይፐርቫይዘር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እኔ አዎ ያልኩት የእኛን ሳይሆን የሌላውን ነበር። ስለዚህ አስኳሉ ሲነሳ የሌለ አከራይ በር እያንኳኳ ሰዓት ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ይደርቃል። አንዲት ቃል ናት። ሰኔ ላይ ግማሽ ቀን ብቀመጥ አገኛት ነበር።

አስተካክዬ ገነባሁት። አሁን ሦስቱን ቀን እፈትሻለሁ። የእውነት።

ነሐሴ 5

እትዬ ምሳ ይዛልኝ ማሽኑ ክፍል ድረስ መጣች። ወንበር ሳብኩላት። ሁለት ሰዓቶች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ የአከራዩ፣ አንዱ የተከራዩ። እኩል ናቸው። ቁጭ ብለን አየናቸው። ዝናቡ ቀጥኖ ነበር፣ ክፍሉም ሞቅ ያለ፤ ማሽኖቹ ያንጎራጉራሉ። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

«ዓመቱ በሞላ ቀን ድልድዩ ላይ ቆመሽ ነበር» አለች።

«አይተሽኝ ነበር?»

«ያን ሰማያዊ ጃንጥላሽን አጥቼው? ሻይ ጥጄ ጠበቅኩሽ። ሁለቴ አፈላሁት፣ ሁለቴ በረደ።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ብጠራሽ ትሮጪ ነበር።»

እውነቷን ነው። ስክሪኑን እያየሁ፣ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። «በመጨረሻው ቀን… እማዬ ስለ እኔ ጠየቀች?»

«አንዴ። ከዚያ ውኃ ጠየቀችኝ። ከዚያ መስኮቱን ክፈቺው አለች። ከዚያ ዝጊው አለች። ብዙ ነገር ነው የጠየቀችው፣ እህቴ። አንቺ አንዷ ነሽ።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። እሷ የምሳውን ክዳን ከፈተችና «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

ነሐሴ 9

ሪፖርቱን አስገባሁ። አለቃችን አንብበው በእስክሪብቶ ሦስተኛውን አንቀጽ ነካ ነካ አደረጉት።

«ይቺን ብታወጪያትስ? ‹ፍተሻው ሳይደረግ ፈርሜያለሁ› የምትለውን። ሰዓቱ ተበላሸ ብንል በቂ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱም።»

«ትቆይ።»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል። ፋይልሽ ውስጥ ይቀመጣል።»

«ይቀመጥ።»

ወረቀቱን ሳያጥፉ መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «እሺ» አሉ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሁለት ፊርማ ምንም ነገር ሥራ አይጀምርም። የእኔም ይጨመርበት። እኔም ሳላይ ነው የጨበጥኩሽ።»

ነሐሴ 15፣ እሁድ

ከእትዬ ጋር ወደ ቤቱ ወረድን። ጭቃው መስኮቱ ድረስ መስመር ጥሏል። ወለሉ አብጧል፤ ስንረግጠው እንደ አልጋ ይሰምጣል፤ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ቤቱ ይተነፍሳል። ፀሐይ በተሰበረው መስኮት ገብታ ጭቃው ላይ ስታርፍ ክፍሉ በሙሉ ወርቃማ ሆኖ ነበር። ትንሽ ቆሜ አየሁት።

«አትደንዝዢ!» አለች እትዬ አካፋ እያቀበለችኝ። «ጠልቀሽ ቀረሽ።»

ማንም ሳይጠራቸው የድልድዩ ዘበኛ ባልዲ ይዘው መጡ። እሳቸው ውኃ ሲቀዱ፣ እሷ ስትጠርግ፣ እኔ ሳወጣ ዋልን። ሲመሻሽ አንዷን ክፍል ብቻ ነው የጨረስነው። የእማዬ ክፍልና ማድቤቱ ይቀራሉ።

«ቀሪውን እሁድ ለእሁድ እንጨርሰዋለን» አለች እትዬ ወገቧን ይዛ።

ለአለቃችን ደወልኩ። የአንድ ሳምንት ፈቃድ እፈልጋለሁ አልኳቸው። በስምንት ዓመት ፈቃድ ስጠይቃቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ማሽኑን ማን ያየዋል?»

«ሽቦ ያውቀዋል። ሁሉንም ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ» አልኩ። «ጭቃ እየጠረግሁ ነው።»